የጦር ሜዳው ቅርጫት ስንት ያወጣል?

ሁሉም ሰው ስለ ድሮን በሚያወራበት ሰሞን ስለ ቅርጫት መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ይህን ቻናል የምትከታተሉ ሰዎች ስለ ጦርነት ብዙ ስላነበባችሁ ነገሩ የሚገባችሁ ይመስለኛል። ጦር የሚፈታው ጥይት ሲያልቅበት ብቻ አይደለም። ዳቦ፣ ፋሻና የሬዲዮ ባትሪ ሲያልቅበትም ይፈታል። እነዚህን ነገሮች ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ዕቃ ውስጥ አሽጎ ማድረስ አለበት። ዕቃው አንዳንዴ ቅርጫት ነው።

ወሬውን የጀመረው ሆላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ቤቱ አርንሄም ከምትባለው ከተማ ብዙም አይርቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ መዞር ልማዱ ነው። ከሁለት ወር በፊት አራት ፎቶና አንድ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ ይቺን አጣራልኝ። ሰውዬው የእንግሊዝ ፓራሹተኞች የስንቅ ቅርጫት ናት፣ አራት መቶ ዩሮ አምጣ ይለኛል። እውነት ከሆነች እወስዳታለሁ፣ ሌላ ቦታ አትርፌ እሸጣታለሁ። ካልሆነች ግን አራት መቶ ዩሮ እኮ የሁለት ልጆች የክረምት ጫማና ጃኬት ነው።» ለቅዳሜ መልስ ፈለገ። እኔም ለማንም የማልጽፈው ዘገባ ላይ ሦስት ሌሊት አደርኩ።

መጀመሪያ ቅርጫት እዚያ ሰማይ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር እንይ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1944 የእንግሊዝ አንደኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር በራይን ወንዝ ላይ ያለውን የአርንሄም ድልድይ ለመያዝ ወረደ። ሐሳቡ ምድር ጦሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከደቡብ ደርሶ እንዲቀላቀላቸው ነበር። አልደረሰም። ከሄዱት ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች በዘጠነኛው ሌሊት ወንዙን ተሻግረው መመለስ የቻሉት 2,400 ገደማ ናቸው። በነዚያ ቀናት ኦስተርቤክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተከብበው ሲዋጉ ብቸኛ ተስፋቸው ከላይ የሚወርደው ስንቅና ጥይት ነበር።

ዳኮታ አውሮፕላን ዕቃ የሚጥለው በጎን በሩ ነው። ወለሉ ላይ ሮለር ተዘርግቶ ከአኻያ ቅርንጫፍ የተሠሩ ትልልቅ ቅርጫቶች ይደረደሩበታል። አራት የጦሩ የስንቅ ክፍል ወታደሮች እየገፉ ወደ በሩ ያደርሷቸዋል፣ ከዚያ ፓራሹቱ ይከፈታል። ለምን ብረት ሳጥን አልሆነም? ቅርጫት ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬት ሲመታ ይተጣጠፋል እንጂ እንደ እንጨት አይሰነጠቅም። አኻያ ያደገበትን አገር ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዶሮ በቀርከሃ ቅርጫት ጭና ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የመጣች እናት ይህን በደንብ ታውቀዋለች።

ሴፕቴምበር 19 ቀን ዴቪድ ሎርድ የተባለ አብራሪ ዳኮታውን ይዞ ወደ ኦስተርቤክ ሲቃረብ የቀኝ ሞተሩ ተመትቶ ይቃጠል ነበር። ወደ ኋላ አልተመለሰም። ዝቅ ብሎ ዕቃውን ጣለ። ሁለት እንደቀሩ ሲነገረው በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል ዞሮ እንደገና ገባ። ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። ከስምንቱ ሰዎች የተረፈው ናቪጌተሩ ሃሪ ኪንግ ብቻ ነው። ለሎርድ ከሞተ በኋላ የአገሩ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሰጠው። የሚያንገበግበው ሎርድ ያላወቀው ነገር ነው። ዕቃው የሚጣልበት ቦታ ቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ታች ያሉት ቦታውን አልያዙትም፤ ሬዲዮው ስለማይሠራ ለውጡን ማሳወቅ አልቻሉም። ስለዚህ የዚያን ቀን ቅርጫት አብዛኛው ጀርመኖች እጅ ገባ። «ኤ ብሪጅ ቱ ፋር» የሚለውን የ1977 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ያየ ሰው አንድ ወታደር የወረደውን ዕቃ ሊያመጣ ሮጦ የሚመታበትን ትዕይንት አይረሳም። ዕቃው ሲበተን ከውስጡ የወጣው ቆብ ነው።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ያነሳው ፎቶ ይህን ሁሉ ተሸክሜያለሁ የሚል ቅርጫት ነው። እውነት ይሆን?

መጀመሪያ ያየሁት ክዳኑን ነው። የአየር ወለዱ ቅርጫት ሁለት ግማሽ ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ እንደ ጫማ ካርቶን ክዳን ወርዶ ይገባል፣ ከዚያ ዙሪያውን በጠንካራ የሸራ ቀበቶ ይታሰራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማጠፊያ ያለው ክዳን መሬት ሲመታ መጀመሪያ የሚበጠሰው ማጠፊያው ነው። በፎቶው ላይ ያለው ቅርጫት ከኋላው ከራሱ ከአኻያው የተጠለፉ ሦስት ማጠፊያዎች አሉት። እንዲህ ዓይነቱን ያኔ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች አንሶላ ወደ ልብስ አጠባ ይልኩበት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ተከራከረኝ። «ቀበቶው ላይ እኮ የቀስት ምልክትና 1943 የሚል ማኅተም አለ!» እውነቱን ነው፣ አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት የቀስት ምልክት ይደረግበታል፣ የሸራ ትጥቃቸው ላይም የተሠራበት ዓመት ይመታል። ግን ቀበቶ ከሌላ ዕቃ ተፈትቶ የሚታሰር ነገር ነው። ማኅተሙ የሚናገረው ስለ ቀበቶው እንጂ ስለ ቅርጫቱ አይደለም። ጠጋ ብሎ ሌላ ፎቶ እንዲያነሳ ጠየቅኩት። ቀበቶው ሰማንያ ዓመት ታስሮበት ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ያለው አኻያ ከሌላው ቦታ ነጣ ብሎ መታየት ነበረበት። ቅርጫቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። በዚያ ላይ ቫርኒሽ ተቀብቷል። የድሮ ዕቃ ላይ ቫርኒሽ ሳይ ይቀፈኛል፤ የሚያሳምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር ነበር። «የጦርነት ቅርጫት» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይደለም። ጀርመኖች በአንደኛው ጦርነት የመድፍ ጥይት በአኻያ ቅርጫት ነበር የሚያመላልሱት፤ የ77 ሚሊሜትር መድፉ ቅርጫት ሦስት ጥይት ይይዛል። ረዥም ክብ የሆኑት፣ አንድ ትልቅ ጥይት የሚይዙት፣ ዛሬ በአውሮፓ ቤቶች በር ሥር የጃንጥላ ማስቀመጫ ሆነው ይገኛሉ። የእኛው አራት ማዕዘን ስለሆነ ይህ ቶሎ ወደቀ።

የቀረው የመጣበት ታሪክ ነው። «ከማን እንደገዛው ጠይቀው» አልኩት። ሻጩ «ከአንድ ገበሬ» አለ። የየት ገበሬ? መቼ? ስሙ? አያስታውስም። ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። በዚያ አካባቢ እውነተኛ ቅርጫት ከእርሻ ቤት ቢወጣ አይገርምም፤ ከጦርነቱ በኋላ የፓራሹት ጨርቅ የሙሽራ ቀሚስ ሲሆን ቅርጫቱ ደግሞ ማን ይጥለዋል? እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሲሸጥ ግን «አባታችን በዚህኛው ማሳ ላይ ያገኘው» ብሎ አንድ ወረቀት ይጽፋል፣ ካለም የድሮ ፎቶ ይጨምራል። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለዚያ ወረቀት ነው። ሁለቱም ግማሽ መኖሩ፣ ነቀዝ አለመብላቱ፣ ቀበቶው የራሱ መሆኑ ዋጋውን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ወረቀቱ ከሌለ ግን አኻያ ብቻ ነው። አኻያው ደግሞ ምስክር አይሆንም፤ በእንግሊዟ ሱመርሴት ለጦሩ ቅርጫት የሠሩት እጆች ከጦርነቱ በፊትም በኋላም የቤት ቅርጫት የሠሩት ናቸው።

ፍርዴን ነገርኩት፦ ጥሩ የልብስ ቅርጫት ነው። ለሻጩ ይህንኑ ሲነግረው ሰውዬው ሳይከራከር ወደ ሠላሳ አምስት ዩሮ ወረደ። ባለቤቱ አሁን የልጆቹን ልብስ ታስቀምጥበታለች። ኦስተርቤክ በሚገኘው ሃርተንስታይን ሙዚየም፣ የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሰፍሮበት በነበረው ቤት፣ ልጆቹን ወስዶ የጦርነቱን ዕቃዎች አሳያቸው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ አልጽፈውም ነበር። ግን ሦስቱን ሌሊት ሳነብ እኛ ቤት የሚያንኳኳ ነገር አገኘሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚያው አውሮፕላን ነው፤ ከጦርነት በተረፈ ዳኮታ። ተሳፋሪው ግድግዳውን ተደግፎ በተርታ ተቀምጦ ጭነቱ መሐል ይሆን ነበር። አሮጌ የጦር ዕቃ ለእኛ ቅርስ ሳይሆን መገልገያ ሆኖ ነው የኖረው። በልጅነቴ ያየሁት የጥይት ሣጥን በርበሬ ነበር ያለበት። የመድፍ ቀለህ ቤተ ክርስቲያን ላይ ተሰቅሎ ደወል ሆኖ ሲያገለግል ያየ ብዙ አንባቢ ይኖራል። ይህ ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የሚቆጨኝ ቀለሁ ከየት ጦርነት እንደመጣ የሚያውቁት ቄስ ሲያርፉ ወሬውም አብሮ መቀበሩ ነው። ቸርችል ጎዳና ያሉ የድሮ ዕቃ ሱቆች ብትገቡ ጎራዴው ሁሉ የአድዋ ነው፣ ቆቡ ሁሉ የማይጨው ነው። ከማን ተገዛ ብትሉ የሆላንዱ ሰውዬ መልስ ይሰጣችኋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጥሩ ነው። ኤርፖርት ላይ ያለ ፈታሽ ግን ዕቃው ምን እንደሆነ ባለቤቱ ካላወቀው እሱ በምን ያውቀዋል?

ከዚያ ደግሞ 1977 ዓ.ም. አለ። በረሃቡ ዘመን መኪና በማይደርስበት የሰሜን ደጋ ላይ የእንግሊዝ ኸርኩለስ አውሮፕላኖች እጅግ ዝቅ ብለው፣ ያለ ፓራሹት፣ ስንዴ በጆንያ ይጥሉ ነበር። የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖችም ጣሉ። አርንሄም ላይ አንዱ የጣለውን ሌላው የቀማው፣ አርባ ዓመት ገደማ ቆይተው እኛ ሰማይ ላይ ለአንድ ሥራ ተሰለፉ። ይህን ሳውቅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ዘገባ ሰሜን ሸዋ ሄጄ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት ትዝ አሉኝ፤ አውሮፕላኑ ከዛፍ በታች ያለፈ መስሏቸው መሬት ላይ መተኛታቸውን፣ ከፈነዳው ጆንያ የተበተነውን ስንዴ ከሣሩ ውስጥ አንድ በአንድ መልቀማቸውን አጫውተውኝ ነበር። ደወልኩላቸው።

«እማማ፣ ከነዚያ ጆንያዎች የተረፈ አለ?»

«የትኛው ጆንያ ልጄ? የሰማዩ?» ትንሽ አሰቡ። «ለልጆቹ መኝታ አደረግነው፣ ኋላ ደግሞ ጤፍ ያዝንበት፣ ኋላ አህያዋን ደልዳላ ሠራንላት። አለቀ እኮ። ምነው፣ የሚገዛ ሰው ተገኘ?»

ሙዚየም ቢያስቀምጠው ብዬ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ከመስጠታቸው በፊት ግን ቆጥ ላይ አንድ ቁራጭ ሳይቀር እንደማይቀር፣ በፋሲካ ጽዳት እንደሚያዩት ነገሩኝ። ልጅቷ ከተገኘ ፎቶ አንስታ ልትልክልኝ፣ አያቷ የሚሉትንም በስልኳ ልትቀዳ ቃል ገብታለች።