መልሱ ለባለቤቱ

የሕብረተሰብ ጤና ማስተርሴን የጀመርኩት ሕብረተሰቡን አስቤ አልነበረም። ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ «ይህን መስክ ለምን መረጥህ?» ስባል «በሽታን ከማከም መከላከል ስለሚሻል ነው» አልኩ። መልሱ ትክክል ነው፤ የእኔ ግን አልነበረም። እኔ የሌሊት ዱቲ ሰልችቶኝ ነበር። በጤና መኮንንነት በምሠራበት የገጠር ጤና ጣቢያ የማገኘው ደመወዝ የቤት ኪራይ ከተከፈለበት በኋላ ለእናቴ የምልከው አይተርፈውም ነበር። የሥራ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት በቆምኩ ቁጥር፣ ደህና ደመወዝና የውሎ አበል ያለው ቦታ ሁሉ «በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ» ይጠይቅ ነበር። ወረቀቱን ፈለግሁት። ጓደኞቼም እንደዚያው ፈልገውታል፤ ኑሮ ለከበደው ሰው ይህ ነውር ነው አልልም። የምናዘዘው ከዚህ ሥር ስላለው ሌላ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት ሽሽት ነበር። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ይመጣል። ዐይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ኦአርኤስ በጥብጠን በማንኪያ እናጠጣዋለን፣ ዚንክ እንሰጠዋለን፤ መጠጣት ካቃተውም በደም ሥሩ ፈሳሽ እንቀጥልለታለን። ይድናል። እናቱ እግሬ ላይ ልትወድቅ ይቃጣታል፤ መርቃኝ ትሄዳለች። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ያው ልጅ በዚያው ጀርባ፣ በዚያው ሕመም ይመለሳል። ምርቃቱ እያሸማቀቀኝ መጣ። ያዳንኩትን ልጅ ወደሚያሳምመው ቤት መልሼ እንደምሰድደው አውቃለሁና። ለሰው ስናገር «የችግሩን ሥር ለማጥናት ነው የምማረው» እል ነበር። ለራሴ ግን ያ ልጅ ተመልሶ የማይመጣበት ጠረጴዛ እየፈለግሁ ነበር።

በመጀመሪያው ሴሚስተር የተማርኩት የሙያችን ታሪክ እዚህ ላይ ያዘኝ። የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው በአቅራቢያው በደምቢያ የተነሳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። እዚያ ጤና መኮንኑ፣ የሕብረተሰብ ጤና ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። አንዱ የታመመውን ያያል፤ አንዷ እናትና ሕፃንን ቤት ድረስ ሄዳ ትከታተላለች፤ አንዱ ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። ኮሌጁ ከተከፈተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ወባ እምብዛም ወደማያውቀው ከፍታ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ 150 ሺህ ያህሉን ገደለ ተብሎ ይገመታል። አንድ አዛውንት መምህራችን ይህን ሲተርኩ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ የምጠራበት ሙያ የተፈጠረው ወደ ሰው ቤት ለመሄድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሰው ቤት ለመራቅ እማር ነበር።

ያም ሆኖ ትምህርቱን ወደድኩት። ይህንንም በእውነት እናገራለሁ። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆሞ የማይታይ ነገር በቁጥር ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ 67 ደርሷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ ከሞት የተረፉ እልፍ ሕፃናት ናቸው። ያተረፏቸውን እጆች ስፈልግ ብዙዎቹን ከሆስፒታል ውጭ አገኘኋቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን እየመደበ ከ30 ሺህ በላይ አሰማራ። ክትባት የያዘ የብርድ ሣጥን በትከሻቸው አንግተው ገደል የሚወጡ፣ «ሽንት ቤት ቆፍሩ» እያሉ ከበር በር የሚዞሩ ልጆች ናቸው። ጤና ጣቢያ እያለሁ ሪፖርታቸውን ስቀበል ቀና ብዬ እንኳ አላያቸውም ነበር። የማስተርስ ትምህርት ከሰጠኝ ሁሉ የሚበልጠው እነሱን እንዳከብር ማድረጉ ነው።

ቁጥር ግን ሁለት መልክ አለው። ሚሊዮኑን ያሳይሃል፤ ከፊትህ ያለውን አንዱን ሊያስረሳህም ይችላል። እኔን ያስረሳኝ ቁጥር 422 ነው።

በአገራችን የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ የተማረ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠራ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚነግር ቀመር አለ። ችግሩ ስንት በመቶ ሰው ላይ እንዳለ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይያዛል፤ የ95 በመቶ እርግጠኝነትና የ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ይገባበታል፤ 384 ይወጣል። መልስ የማይሰጡ ቢኖሩ ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። ርዕሱም የታወቀ መልክ አለው፦ «በእንዲህ ያለ ወረዳ የእንዲህ ያለ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች።» የእኔ ርዕስ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታይ ተቅማጥ ነበር። በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል። የመረጥኩትም ብዙ ስለተጻፈበት ነው፤ መጠይቁ ተዘጋጅቶ ይገኛል፣ ትንተናው ይታወቃል፣ በጊዜ ያልቃል። ያን ሕፃን ተሸክማ የምትመላለሰውን እናት አስቤ መረጥኩት ብል እዋሻለሁ።

በጥቅምት፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ከጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር ስም ዝርዝር አውጥተን በዕጣ የደረሳቸውን ቤቶች እንጠይቅ ጀመር። መረጃ ሰብሳቢዎች ነበሩኝ፤ አንዳንዱን ቤት ግን እኔ ራሴ እገባ ነበር። አንዲት እናት ደጃፏ ላይ በርበሬ አስጥታ አገኘኋት። ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል። በርጩማ አወጣችልኝ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ «አረፍ ይበሉ ዶክተር» አለችኝ። ዶክተር አለመሆኔን ብነግራትም መጠሪያውን አልቀየረችውም። የፈቃድ መጠየቂያውን አነበብኩላት። ስሟ እንደማይጻፍ፣ ካልፈለገች መተው እንደምትችል፣ በመሳተፏ በቀጥታ የምታገኘው ጥቅም እንደሌለ። ራሷን ነቀነቀች፤ ጥያቄው ቀጠለ።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጅሽ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ወጥቶበታል?»

«ወጥቶበታል።»

«ሽንት ቤት ከወጣሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ትታጠቢያለሽ?»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ከግድግዳው ሥር የቆመውን ጄሪካን አየች። «እታጠባለሁ» አለች። ሳሙና በአካባቢው አልነበረም። መልሷ ይሉኝታ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እንግዳ ፊት፣ ያውም ከጤና በመጣ ሰው ፊት፣ «አልታጠብም» ማለት ከበዳት። ቅጹ ላይ «አዎ» የሚለውን ከበብኩ። ጨርሼ ስነሳ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ከነገርሁዎ ወዲያ ለኛ ምን ይመጣልን?»

«እታለም፣ ጥናቱ ለሚመለከተው አካል ይቀርባል፤ እነሱ መፍትሔ ያበጃሉ» አልኳት። «እሰይ፣ ይቅናዎ» ብላ መረቀችኝ። ምርቃት የሸሸሁት ሰው ሌላ ምርቃት ተቀብዬ ወጣሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ዲፌንስ አደረግሁ። ፈታኞቹ ስለ ናሙናው አወጣጥ፣ ስለ ሎጂስቲክ ሪግሬሽኑ፣ ስለ ሠንጠረዦቹ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ነበሩ፤ ሳይንስ ያለ እነሱ አይቆምም። ግን «ይህ ውጤት መረጃውን የሰጡህ ሰዎች ዘንድ መቼ ይደርሳል?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ጉድለቱ ለእኔም አልተሰማኝም። ሥራው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገባ። የምሥጋናው ገጽ ላይ «ለጥናቱ ተሳታፊዎች» የሚል አንድ መስመር አለ። ተሳታፊዎቹ ሊያነቡት የማይችሉት ምሥጋና ነው።

ሕሊናዬ የቆረቆረኝ ከተመረቅሁ በኋላ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስመደብና የዚያች እናት ቀበሌ የሦስት ወር ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ነው። የተቅማጥ ቁጥሩ አልቀነሰም። «የሚመለከተው አካል» ብዬ የነገርኳት እኔ ራሴ ሆኜ ተገኘሁ። ውጤቱን በአማርኛ፣ ያለ አንድም የስታቲስቲክስ ቃል፣ አንድ ገጽ ላይ ጻፍኩት። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ዛፍ ሥር አነበበችው። ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ እጅ መታጠብ የተጻፈውን ሰሙ። «ከየት ውሃ ትቀዳላችሁ ብለን ብንጠይቅ የውሃው ዓይነት ከሕመሙ ጋር ግንኙነት አልታየበትም» የሚለው ሲነበብ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ እናንተ የመጣችሁት በጥቅምት ነው፤ ምንጩ ሞልቶ። በመጋቢት እኮ ይነጥፋል። ያን ጊዜ ከከብት ጋር ወንዝ ወርደን ነው የምንጠጣው።»

በጽሑፌ መጨረሻ፣ የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል፣ «ጥናቱ በአንድ ወቅት የተደረገ በመሆኑ የወቅቶችን ልዩነት አያሳይም» ብዬ ነበር። ሁላችንም እንጽፈዋለን፤ መጻፍ ስላለበት እንጽፈዋለን። ያ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት ከእኒያ ሽማግሌ አፍ ነው። እርሳቸው በአንድ ቃል የነገሩኝን በ422 መጠይቅ አላገኘሁትም፤ መጠይቁ ስለ በጋ አልጠየቀምና። ሰዎቹ እውቀቱ ነበራቸው። የጎደለው ተመልሶ የሚሰማቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ትልቅ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየዓመቱ ምንጩ ከመንጠፉ በፊት ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ አስቀድማ ታስመጣለች፤ ውሃ አፍልቶ ስለ መጠጣትም በዚያው ሰሞን ደጋግማ ታስተምራለች። ምንጩ እንዲጎለብት ለውሃ ጽሕፈት ቤት የተጻፈው ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ያቺን እናት ሄጄ አገኘኋት፤ ልጇ ድኗል፤ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። ለጥያቄዋ የነበረብኝን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከፍያለሁ አልልም። መክፈል ግን ጀምሬያለሁ።

ራሴን መርምሬ የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው። ለደመወዝ ብሎ መማር ኃጢአት አይደለም። ሰው በድካም ሸሽቶም ሊማር ይችላል፤ የገባበት ምክንያት ንጹሕ ባይሆን ትምህርቱ ሊያነጻው ይችላል፤ እኔን በመጠኑ አንጽቶኛል። የሚያስጠይቀው ከሰው ቤት የወሰዱትን እውቀት ይዞ መቅረት ነው። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ናሙና ብሎ የሚጠራው ሰው በርጩማውን ጠርጎ ያስቀመጠው፣ ሥራውን ፈትቶ የልጁን ሕመም የነገረው ሰው ነው። ውጤቱ እርሱ ዘንድ ሳይመለስ የተጠረዘ ጽሑፍ ያላለቀ ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ አሁን ፕሮፖዛል በመጻፍ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የጊዜ ሰሌዳችሁ ላይ ከዲፌንስ በኋላ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ወደ ቀበሌው የምትመለሱበትን ቀን። በጀታችሁ ውስጥ የዚያን ቀን ትራንስፖርት አስገቡ። አማካሪዎችና የትምህርት ክፍሎችም በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ለወረዳውና ለቀበሌው መድረሱን ሳያዩ ጽሑፉን ባያጸድቁ፣ ወጪው ትንሽ፣ ፍሬው ብዙ ነው።

አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም፣ አንድ ቀን መጠይቅ የያዘ ወጣት ደጃችሁን ያንኳኳል። አስገቡት፤ ሳሙና ከሌለ «የለም» በሉት፤ ምንጩ የሚነጥፍ ከሆነ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ከመውጣቱ በፊት ግን «ውጤቱን መቼ ታመጣልናለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መብታችሁ ነው።