የተደፋው አንቲቦዲ

ሰሞኑን እዚህ ጀርመን በምሠራበት ላብራቶሪ አንዲት ተማሪ ሜምብሬኗ ተነክሮበት ያደረውን አንቲቦዲ ጠዋት ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። «ምነው?» ስላት «አንዴ ተሠርቶበታል እኮ» አለችኝ። የዚህ ቤት ልማድ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ዋልኩ።

አዲስ አበባ አንቲቦዲ አይደፋም። ተቀድቶ ወደ ቱቦው ይመለሳል፣ ጥቂት ሶዲየም አዛይድ ይደረግበታል፣ ስንተኛ ዙሩ እንደሆነ ተጽፎበት ፍሪጅ ይገባል። 100 ማይክሮ ሊትር የያዘች ብልቃጥ አንድ ለሺህ እየተበረዘች፣ በየጊዜው 10 ሚሊ ሊትር እየተደፋ ከ10 ሜምብሬን አታልፍም። ያቺን ብልቃጥ ለማግኘት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ፍለጋው አለ፣ ጉምሩኩ አለ፣ በመሀል የሚያልቀው ደረቅ በረዶ አለ።

ተማሪዋ የፈለገችው ኢአርኬ የተባለውን ካይኔዝ ነው፤ 44 እና 42 ኪሎ ዳልተን ላይ ሁለት ባንድ ሆኖ የሚወጣውን። መኖሩን ብቻ ሳይሆን መንቃቱን ለማወቅ፣ ትሪዮኒኑና ታይሮሲኑ ላይ ፎስፌት ያረፈበትን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያስፈልጋል። ሴሉ እንደፈረሰ የራሱ ፎስፋቴዞች ያንን ፎስፌት መንቀል ይጀምራሉ። ናሙናው ከበረዶ የማይወርደው፣ ቫናዴትና ፍሎራይድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። ብዙዎች ሜምብሬኑን በወተት ዱቄት ፈንታ በ5 ከመቶ ቢኤስኤ የሚሸፍኑትም የወተቱ ኬዚን ራሱ ፎስፌት ስለሚሸከም ነው።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀን ስናበቃ በተደጋገመ አንቲቦዲ ባንዱ ቢደበዝዝ፣ ካይኔዙ ነው ያልነቃው ወይስ አንቲቦዲው ነው የደከመው? ያለፈውን ሳምንት ውጤት ከዛሬው ጋር ማወዳደር የሚያቅተን እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ለፎስፎ አንቲቦዲው የተማሪዋ መንገድ የተሻለ ነው፤ መናገሩ ቢከብደኝም። የጠቅላላውን ኢአርኬ አንቲቦዲ መድፋት ግን አሁንም ብክነት ነው እላለሁ። ፕሮቲኑ በሴሉ ውስጥ ብዙ ነው፣ ባንዱም ጎልቶ ይወጣል፤ ደጋግሞ ቢሠራበት የሚጎዳ ነገር አላየሁም።

አገር ቤት ላላችሁ፦ የጠቅላላውን አስቀምጡ፣ የፎስፎውን ግን ለሚወዳደሩ ናሙናዎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ አዲስ ብርዝ ተጠቀሙ። ኤችአርፒ በተያያዘበት ሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ አዛይድ አትጨምሩ፤ ኢንዛይሙን ያግደዋል። ተመሳሳይ ካይኔዝ የምታጠኑ ላብራቶሪዎችም ትእዛዛችሁን አንድ ላይ አድርጋችሁ አስመጡ፤ ጭነቱንና የጉምሩኩን ውጣ ውረድ ትካፈላላችሁ።