ነፋስ የሚስባት ጀልባ

በሐምሌ ወደ በርክሌይ የጀልባ ወደብ የምትሄዱ አያቶች፣ ጋቢ ያዙ። ጠዋት ጸጥ ያለው የሳን ፍራንሲስኮ ሰላጤ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ከተራሮቹ ወዲያ ያለው የካሊፎርኒያ ሸለቆ በፀሐይ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ በምትኩ የውቅያኖሱ ቀዝቃዛ አየር በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ባለው ጠባብ በር ይገባል። በርክሌይ ከዚያ በር ፊት ለፊት ናት።

ልጄ የምትኖረው እዚያው አጠገብ፣ ኦክላንድ ነው። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ የሸራ ጀልባ መንዳት ልማር ቢል «እማዬ፣ አንቺ አይተሽ ወስኚ» አለችኝ። በነርስነት ስለኖርኩ ይሆናል፣ ውኃ ሳይ ቀድሞ የሚታየኝ የሰጠመ ሰው ነው።

ነፋሱ ከፊት እየመጣ ጀልባዋ እንዴት ወደ ፊት ትሄዳለች? አሠልጣኟ አስረዳችኝ። ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው፤ የቆመ ክንፍ። በጎበጠው ጀርባው በኩል የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በሌላው ጎን ያለው ግፊት ስለሚበልጥ ሸራው ወደ ጀርባው ይሳባል። የዚህ ጉልበት አብዛኛው ወደ ጎን፣ ጥቂቱ ወደ ፊት ነው። ወደ ጎን መንሸራተቱን ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውኃው የወረደው ሳንቃ ይከለክላል፤ የሚቀራት ወደ ፊት መሄድ ነው። በቀጥታ ነፋሱ ላይ መውጣት ግን አይሆንላትም፤ እንደ ሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘች ትወጣለች።

እኔ የወደድኩት ሸራው ላይ የተለጠፉትን የክር ቁራጮች ነው። በሁለቱም ጎን ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ከተዘረጉ አየሩ በደንብ እየፈሰሰ ነው፤ ከተርገበገቡ ሸራውን ማስተካከል ያስፈልጋል። የልብ ምት እንደመቁጠር ያለ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ሰላጤ ላይ ለአሜሪካ ዋንጫ የተወዳደሩት ጀልባዎች ሸራቸው 40 ሜትር ገደማ የሚረዝም ደረቅ ክንፍ ነበር፤ ከውኃው በላይ ብድግ ብለው ከነፋሱ እጥፍ ይፈጥኑ ነበር። ከውድድሩ በፊት በልምምድ ላይ ግን የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤቱ እንግሊዛዊ አንድሪው ሲምፕሰን ጀልባቸው ተገልብጣ ሞቷል። ይህንን ለልጁ ነገርኩት። እናቱ አልወደደችልኝም።

የልጆቹም ጀልባ ይገለበጣል፤ መልሶ ማቃናት የትምህርቱ ክፍል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ብርዱ ነው። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ሳይወድ በግድ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ከውኃው በላይ መሆን አለበት። ያ እስኪያልፍ ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ የሚይዘው የሕይወት አድን ጃኬቱ ነው።

ፈቀድኩ። ጃኬቱን ካጠለቀ በኋላ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጌ፣ ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት፤ እስከ ጆሮው ወጣ። በትንሽ ቁጥር አስቀየርኩት።