ከአሰላ ወደ በቆጂ፣ ሲንቄ ይዘው የሚያዜሙ እናቶች

ከአሰላ ወጥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ ስንዴና ገብስ መሀል ለመሀል ይጓዛል። በግራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ አብሮ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው አካባቢውን የሚያውቀው በኃይሌ፣ በደራርቱና በቀነኒሳ ነው። እውነት አለው፤ እኔ ግን በዚህ ደጋ በነርስነት ስሠራ ኖሬ ከሩጫው ይልቅ ዜማው ነው የሚታወሰኝ።

እንግሊዝ አገር ያደገው የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ሊጠይቀኝ መጥቶ በዚሁ መንገድ ስንጓዝ የተቃውሞ ዘፈን እያሰማኝ ነበር። «አክስቴ፣ በዘፈን መንግሥትን መሞገት የእኛ የእንግሊዞች ነገር ነው» አለኝ። «የእኛ» ማለቱ አሳቀኝ። ካሰማኝ አንዱ ማንዴላ እንዲፈቱ የሚጠይቀው፣ ስፔሻል ኤ.ኬ.ኤ. የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ነው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ስነግረው ዘፈኑን አቆመና አዳመጠኝ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ባንድ ኤይድ ስለ እኛ ረሃብ ዘፈነ። ዘፈኑ ገንዘብ አስገኝቷል፣ ነፍስ አትርፏል፤ አልክድም። ነገር ግን ስለ ጦርነቱም ሆነ ስለ ደርግ አንዲት ቃል የለበትም። የማንዴላው ግን የታሰረውን በስሙ ጠርቶ «ፍቱት» ይላል። ለእኔ ተቃውሞ የሚባለው ይኼኛው ነው። የአርሲ ሴቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለዚያውም ከጥንት ጀምሮ።

ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን ቀጥ ያለ በትር ናት። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዲት ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሀል ከገባች ጠቡ ይቆማል። የወለደች ሴት ደግሞ ግንባሯ ላይ ቀነፋ ታስራለች፤ በዚያ ጊዜ እሷን መምታት ከባድ ነውር ነው። ነውሩ ከተፈጸመ የሰፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቤት ይዘጋል፣ ላም አይታለብም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች አራስ ፊቷ አብጦ ጤና ጣቢያ መጣች። ቁስሏን አጥቤ አሸግኩላት። መዝገቡ ላይ የሰፈረው እሷ የነገረችን ነው፦ «ወድቃ ነው»። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ በሰልፍ መጡ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መዝገቡ ያልያዘውን ዜማው ያዘው፤ የባልየው ስም፣ ያደረገው ነገር፣ የተጠየቀው ካሳ፣ ሁሉም በአደባባይ ተነገረ። ደጃፉ ደርሰው አልነካኩትም፣ ድንጋይ አልወረወሩም። እርግማናቸው ግን ይፈራል። ሽማግሌዎች ገቡ፣ ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ጊደር አቀረበ፣ ታረደች፤ ሴቶቹም መርቀው ተመለሱ። በአርባ አምስተኛው ቀን አራሷ ልጇን ለክትባት ስታመጣ ሌላ ቁስል አላየሁባትም።

የእህቴ ልጅ «ፖሊስስ?» አለኝ። ፖሊስ ያስፈልጋል፤ አጥንት የተሰበረች ሴት በጊደር ትታረቅ አልልም። ሆኖም ያኔ ፖሊስ ጣቢያው በእግር ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ጎረቤት ናቸው።

ሲንቄ ዛሬ በኢሬቻም ይታያል፣ በባህል ዝግጅትም ለፎቶ ይያዛል። ለፎቶ ብቻ መያዙ ቅር ይለኛል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ ቢለኝም፣ መዝገብ ብቻውን ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚተው አይቻለሁ።

ወደ በቆጂ ስትጓዙ በትራቸውን ቀጥ አድርገው የሚያዜሙ ሴቶች ካጋጠሟችሁ መኪናችሁን ዳር አስይዙና አቁሙ። ሰልፋቸውን አቋርጦ ማለፍ ነውር ነው።