ከሽሮ ሜዳ እስከ ለገሐር በአውቶቡስ

አዲስ አበባ በተራራ ግርጌ፥ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በስተ ደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ለገሐር ለሚወርድ ሰው መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ ሁሉ አቀበት ነው። በእግሩ ለሚሄድ ይህ የጉልበት ነገር ነው። በአውቶቡስ ለሚሄድ ግን የፍሬን ነገር ነው። ሾፌሩ ፍሬኑን በረገጠ ቍጥር ቆሞ የሚሄደው ሕዝብ ነፋስ እንዳጐነበሰው ጤፍ በአንድነት ወደ ፊት ይጐነበሳል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ይህን መንገድ የምታውቁት በራሳችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ አውቶሞቢል ውስጥ ተቀምጣችሁ ነው። ዳሩ ግን ልጃችሁን የምታስተምረው መምህርት፥ በቤታችሁ እንጀራ የምትጋግረው ሴት፥ ደብዳቤያችሁን የሚጽፈው ጸሐፊ፥ ብዙዎቹ የሚመጡት በአውቶቡስ ነው። ስለዚህ የአውቶቡስ ነገር የሾፌርና የትኬት ቈራጭ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ነውና በዚህ ገጽ ልጽፈው ወደድሁ። እኔ የምሳፈርባቸው የማን አውቶቡሶች እንደ ሆኑ መጥቀስ ግን አላስፈለገኝም፤ ነገሩ የሁሉም ነውና።

ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ሥር ያለ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። ቀን ቀን በመንገዱ ዳርና ዳር የተሰቀለው ጥበብና ነጠላ ዓይን ይስባል፤ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ግን ሱቁ ሁሉ ዝግ ስለ ሆነ የሚታየው ሰው ብቻ ነው። ከተራራው የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሰውም ጋቢውን ተከናንቦ በሰልፍ ይቆማል። የአዲስ አበባ ሰው ሰልፍ ማክበር ያውቃል። የኋለኛው የፊተኛውን አይቀድምም፤ ሽማግሌ ሲመጣም «አባቴ፥ እዚህ ይግቡ» ይባላል። ይህ ያማረ ሥርዓት የሚቆየው ግን አውቶቡሱ እስኪታይ ድረስ ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርስና ቅድም «አባቴ» ያለው ጐልማሳ አባቱን በክርኑ ገፍቶ ይገባል። ይህንንም የሚያደርገው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚቀጥለው አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። ልጅ ያዘለች እናት ግን ከዚህ ግፊያ መካከል ለመግባት አትደፍርም፤ ሁለት አውቶቡስ ሲያልፋት ቆማ ታያለች።

አውቶቡስ ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢጣልያ በ1933 ዓ.ም. ከተባረረች በኋላ፥ ትታቸው በሄደቻቸው ጥቂት መኪናዎች የሕዝብ ማመላለሻ ሥራ በዚያው በ1930ዎቹ ዓመታት ውስጥ ተጀመረ፤ ኋላም አንበሳ በሚል ስም የታወቀው የከተማ አውቶቡስ ከዚያ የተወለደ ነው። ከተማይቱ ግን ከመኪናው ይልቅ ፈጥና አደገች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ2,700,000 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማ ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ቢኖረውም ወደ ሽሮ ሜዳ አይወጣም። ስለዚህ የሽሮ ሜዳ ሰው ያለው አውቶቡስና ታክሲ ነው።

ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የሚነሣው ክርክር የመስኮት ነው። አንዲት ተማሪ መስኮቱን ስትከፍት ከኋላዋ የተቀመጡት ባልቴት፥ «ልጄ፥ ዝጊልኝ፤ ብርዱ ጐኔን ወጋኝ» ይላሉ። ልጅቱም «እማማ፥ ሰዉ ታፈነ እኮ» ትላለች። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ፤ ከተሳፋሪውም ግማሹ ለእርሳቸው፥ ግማሹ ለልጅቱ ይፈርዳል። በመጨረሻ መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ሆኖ ይታረቃሉ። እኔ ፍርዴ ለተማሪዋ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሚያስል በሽተኛ ትንፋሽ ነው፤ አየር በማይገባበት ጠባብ ቤት ውስጥም ይብሳል። ሕዝብ የሞላበት መስኮቱ የተዘጋ አውቶቡስ ደግሞ ከዚህ የሚለይበት ነገር የለም። ለባልቴቲቱ ብርድ ጋቢ መድኃኒት ይሆነዋል፤ ለታፈነ አየር ግን ከመስኮት በቀር ሌላ መድኃኒት በአውቶቡስ ውስጥ አይገኝም።

ስድስት ኪሎ ሲደረስ ተማሪው ስለሚወርድ ጥቂት መተንፈሻ ይገኛል። በዚያ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልት አለ፤ ዝቅ ብሎም በአራት ኪሎ የድል ሐውልት አለ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እነዚህን ለማየት ገንዘብ ይከፍላል። ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ ግን የሚያየው የፊተኛውን ሰው ትከሻ ብቻ ነው፤ የት እንደ ደረሰም የሚያውቀው ከረዳቱ ጩኸት ነው።

ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ፥ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጥር በኩል ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው። ሰውም እንደ ገና ይሞላል። የከተማ አውቶቡስ ወንበር 30 ያህል ሲሆን ቆሞ የሚሄደው ግን ከዚያ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ኪስ አውላቂ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሁሉ በሁሉ ላይ ስለሚወድቅ፥ የማን እጅ በማን ኪስ እንደ ገባ አይታወቅም። የሴቶቹን ቦርሳ ደግሞ በምላጭ ይቀዱታል፤ ስለዚህ ሴቶች ሁሉ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን በደረታቸው ታቅፈው ይቆማሉ።

ከዚህ የሚከፋ፥ ለመጻፍም የሚያሳፍር ሌላ ነገር አለ። በግፊያው ተሸሽገው በሴቶች ልጆች ገላ ላይ እጃቸውን የሚያሳርፉ ነውረኞች አሉ። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስኖር የኪስ ስርቆት መዝገብ ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ፤ በአውቶቡስ ውስጥ ስለ ተፈጸመ እንዲህ ያለ ነውር የቀረበ ክስ ግን እስከ ዛሬ በእጄ አላለፈም። ይህም ነውሩ ስለሌለ አይደለም። የተበደለችው ልጅ ዞራ ብታይ ከኋላዋ ያሉት ፊቶች አምስት ናቸው፤ ማንን ትክሰስ? ብትጮኽ የሚያፍረው እርሱ ሳይሆን እርሷ ናት። በሚቀጥለው ፌርማታም እርሱ ወርዶ ይሄዳል፤ ምስክሮቹም ወደየሥራቸው ይበተናሉ። ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች፥ ልጃችሁ አንድ ቀን «ከእንግዲህ በአውቶቡስ አልሄድም» ብትላችሁ ቅምጥል ሆነች ብላችሁ አትቈጧት፤ አስቀድማችሁ እናቷ እንድትጠይቃት አድርጉ።

ስርቆቱ፥ ነውሩ፥ የታፈነው አየር፥ በፍሬን መውደቁ ለየብቻቸው ሲታዩ አራት ጉዳዮች ይመስላሉ፤ እኔ ግን ምንጫቸው አንድ ነው እላለሁ፤ እርሱም ከልክ በላይ መጫን ነው። ለዚህም በዓይናችን ያየነው ምስክር አለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻ ሁሉ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። በእነዚያ ወራት አውቶቡሱ ሌላ አውቶቡስ ሆነ። መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ ክርክርም አልተነሣ። ኪስ አውላቂው የሚሸሸግበት ሰው አጣ። ሴቶች ልጆችም ቦርሳቸውን በጕልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠው ሄዱ።

ዳሩ ግን ደስታው ለገቡት ብቻ ነበረ። የታክሲው ዋጋ እጥፍ ስለ ሆነ ገንዘብ ያነሰው ሰው በእግሩ ወረደ፤ በፌርማታው ያለው ሰልፍ ረዘመ። በግማሽ መጫን ሲታዘዝ የመኪናው ቍጥር ስላልታጠፈ፥ መከራው ከአውቶቡሱ ውስጥ ወጥቶ ወደ መንገድ ዳር ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ «ትርፍ አትጫን» ብሎ ሾፌሩን መቅጣት ብቻውን አይበቃም። ተጨማሪ አውቶቡስ መግዛት ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ሲሆን፥ ያለ ገንዘብ የሚሠራም ነገር አለ። ሰዉ የሚጨናነቀው ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል፥ ማታም ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ምክንያቱም መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት የሚከፈቱት በተቀራረበ ሰዓት ስለ ሆነ ነው። ከመሥሪያ ቤቶቹ ከፊሎቹ አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢከፍቱ፥ ዘግይተውም ቢዘጉ፥ ያው አንድ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ይህን ለማዘዝ የሚችሉት ደግሞ ከዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል አሉ።

ለገሐር የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. የደረሰበት ስፍራ ነው። በዚያ ሁሉ ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ ሌላ አውቶቡስ ይሮጣል። የመስኮቱ ባልቴት የሚወርዱት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ግፊያው እስኪያልፍ ወንበራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከመጨረሻው ደረጃ እስከ መሬት ያለው ከፍታ ከጕልበታቸው ጥቂት ቢያንስ ነው። ረዳቱ ገንዘቡን ይቈጥራል። አንድ ወጣት ክንዱን ዘርግቶ «ይያዙኝ፥ እማማ» ሲላቸው፥ በአንድ እጃቸው ክንዱን፥ በሌላው የበሩን ብረት ይዘው፥ እግራቸውን ወደ ታች ይልካሉ።