የሸክላ ፊት

ሐሰተኛ ብር መለየት የዕለት እንጀራዬ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች ሲወጡ ጣቶቼ እንደ ተማሪ ፊደል መቁጠር ጀምረው ነበር። ብር ግን አንድ ምቾት አለው፤ የሚመሳከርበት እውነተኛ ኖት ሁልጊዜ በመሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ሸክላ እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። እያንዳንዱ ብቻውን ተወልዶ ብቻውን ያረጃል።

በገላን ኮንዶሚኒየም በምኖርባት ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከግጥም መጻሕፍቴ በላይ፣ የሰውና የእንስሳ አምሳል ያላቸው የሸክላ ሥራዎች ተደርድረዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ነጋዴ ለዚህ መደርደሪያ የሚሆን እንግዳ ይዞልኝ መጣ፤ የሴት ራስ የተቀረጸበት የማሰሮ አንገት። «የአክሱም ነው» አለኝ። ነገሩ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም፤ በአክሱም ቁፋሮዎች አንገታቸው በሴት ራስ አምሳል የተሠራ፣ ሹሩባቸውም የዛሬዎቹን የትግራይ ሴቶች የሚያስታውስ የሸክላ ዕቃዎች ተገኝተዋል።

አገላብጬ አየሁት። የሀገራችን ሸክላ ሠሪ በሚሽከረከር መንኮራኩር አትሠራም፤ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች ታሳድገዋለች። ስለዚህ በውስጥ በኩል የጣት ዱካና ያልተስተካከለ ውፍረት ይጠበቃል፤ ሁለቱም ነበሩ። በገላጣ እሳት የተተኮሰ ሸክላ እዚህም እዚያም የጢስ ጥላ ይቀርበታል፤ እሱም ነበረ። ነገር ግን ዘመን የሚያጠቁረው ጎድጓዳውን ነው፤ ብቅ ያለውን እጅና ጨርቅ ይልጉታል። በዚህ ፊት ላይ አፍንጫውም የዓይኑ ጉድጓድም እኩል ጠቁረዋል። ይባስ ብሎ የተሰበረው ጠርዝ ራሱ ጥቁር ነው፤ ሲያሸቱትም የጫማ ቀለም ይሸታል።

በቤተ ሙከራ ቴርሞሉሚነሰንስ የሚባል ምርመራ አለ። ሸክላ ከመጨረሻው ቃጠሎው ወዲህ ያጠራቀመውን የጨረር ኃይል እንደገና ሲሞቅ በብርሃን መልክ ይለቀዋል፤ ከብርሃኑ መጠን ዕድሜው ይገመታል። እኔ ግን ወደዚያ መሄድ አላስፈለገኝም። ውድ አንባቢ፣ የሰብሳቢን ጣጣ ተመልከት፦ ዕቃው ሐሰት ከሆነ ዋጋው አይገባውም፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የእኔ ሊሆን አይገባውም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከመሬት የወጣ ቅርስ ለሚመለከተው አካል ይገለጻል እንጂ በፌስታል ተጠቅልሎ ኮንዶሚኒየም አይገባም።

ይህንኑ ስነግረው ነጋዴው ጥቂት አሰበና «እንግዲያውስ የወለቃ ነው፤ የድሮ» አለ።

ወለቃ ከጎንደር በስተሰሜን፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች መንደር ናት። የቤተ እስራኤል ሴቶች አንበሳውን፣ የዳዊትን ኮከብ፣ እንስራ ያዘለችውን ሴት ከጥቁር ጭቃ እየሠሩ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለጎብኚዎች ይሸጡባት ነበር። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያው ግን ከመንደሩ አልወጣም፤ ሌሎች ሴቶች ይዘውት ቀጠሉ። «የድሮ» የሚለው ቃል ዋጋ ያወጣው ከዚህ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ልቤን የሚከብደው ነገር አለ። ያ ጭቃ በሚቦካበት ዘመን ቦኪዋ «ቡዳ» ትባል ነበር። ማታ ወደ ጅብ ትለወጣለች ተብላ የተፈራች ሴት የሠራችው ድስት ግን በየጎረቤቱ ምድጃ ላይ ይጣድ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው ሸክላዋ እውነተኛ እንደሆነ ለማወቅ በማጉያ መነጽር ይደክማል፤ ያኔ ግን እሷ እውነተኛ ሰው መሆኗን ለማመን የደከመ ጥቂት ነው። እንግሊዞች በ1832 እ.ኤ.አ. የምርጫ ማሻሻያ ሕጋቸው ሲጸድቅ የንጉሣቸውንና የሹማምንቶቻቸውን ምስል በሸክላ የአረቄ መያዣ ላይ አወጡ፤ በአንዳንዶቹም ላይ የሠሪው ስም ታትሟል። የእኛዋ እናት ግን ፊት ሠርታ ስም አልተወችም። ማን ይጠይቃት ነበርና?

«ማን ሠራው?» አልኩት ነጋዴውን።

ሳቀ። «የሸክላ ሠሪ ስም ደግሞ ምን ይሠራልሃል?»

ዕቃውን መልሼ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ከሠሪዋ እጅ ካልሆነ አልገዛም፤ ስሟንና የገዛሁበትን ቀን በደብተር እመዘግባለሁ። በመደርደሪያዬ ላይ አሥራ አንድ ምስሎች አሉ። የሠሪያቸውን ስም የማውቀው የሁለቱን ብቻ ነው።