ከሳድልታውን እስከ ሶመርሴት ለአንድ ጠርሙስ

ካልጋሪ ሰፊ ከተማ ናት። ሰሜን ምሥራቅ ሳድልታውን የሚኖር ሰው ደቡብ ጫፍ ሶመርሴት ድረስ ልሂድ ካለ በሰማያዊው መስመር ባቡር መሀል ከተማ ይወርዳል፤ 7ኛው አቬኑ ላይ ቀዩን መስመር ይይዛል። መሄጃው ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። መመለሻውስ? የጃንዋሪው ብርድስ? ይህን ሁሉ ለአንድ ጠርሙስ ወይን ይሄዳሉ?

እኔ ሄጃለሁ። አባቴ ሊጠይቁን ከጎንደር መጥተው አንድ ቀይ ወይን ወደዱ። በማግስቱ ሊመለሱ ስለነበር ለሽኝቱ እሱኑ ላቀርብ ብዬ ሰፈራችን ያለው ሊከር ስቶር ገባሁ። አልቋል። ሻጩ ኮምፒውተሩን አየና "ደቡብ ያለው ቅርንጫፋችን ሁለት አለው" አለኝ። "ወደዚህ ታመጡልኛላችሁ?" ልለው ፈለግኩ፤ ግን ይሉኝታ ያዘኝ። አመስግኜ ወጣሁና ባቡር ያዝኩ። ስደርስ ሁለቱም ተሽጠዋል! ባዶ እጄን ስመለስ መሽቷል፤ አባቴም "የት ጠፍተህ ዋልክ?" አሉኝ።

አገር ቤት እኮ ባለሱቁ የጎደለውን ዕቃ "ቆይ ላስመጣልህ" ብሎ ልጅ ይልካል። እዚህም ይቻላል፤ ግን ካልጠየቁ ማንም አይነግርዎትም።

አንድ ነገር ይወቁ። ኦንታሪዮ ውስጥ ኤልሲቢኦ የሚባለው ሱቅ የመንግሥት ነው። አልበርታ ግን በ1993 እ.ኤ.አ. የመጠጥ መሸጫዎችን ለግል ለቅቃለች። ስለዚህ እዚህ ባለቤቱ ብዙ ነው። ጠርሙሱ የሚዛወረው በአንድ ድርጅት ቅርንጫፎች መካከል ነው፤ ከተፎካካሪው ሱቅ አምጡልኝ ቢሉ አይሆንም።

ሲጠይቁ እንዲህ ያድርጉ፦

- የጠርሙሱን ፎቶ በስልክዎ ይያዙ። ስሙን መጥራት ቢያስቸግርዎት ማሳየት ይበቃል።
- "ካን ዩ ትራንስፈር ኢት ቱ ዚስ ስቶር?" ይበሉ።
- መቼ እንደሚደርስና ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ይጠይቁ። ለሠርግ ወይም ለክርስትና ከሆነ ቀደም ብለው ይሂዱ።
- ማዛወር አንችልም ካሉ፣ ቅርንጫፉ ጋ ደውለው በስምዎ እንዲያስቀምጡልዎ ይለምኑ። እኔ ይህንን እንኳ ብጠይቅ ኖሮ!
- ሲረከቡ መታወቂያ አይርሱ።

ደግሞ አደራ፣ እንግሊዝኛ ትችላለች ብለው ልጅዎን አያስደውሉ። የሐኪም ቀጠሮ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ ሁሉንም ልጆቻችን ናቸው የሚያስተረጉሙልን። አልበርታ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ መጠጥ መግዛት አይችልም። የመጠጡን ጉዳይ እንኳ እኛው እንወጣው። እንግሊዝኛችን ቢሰባበርም ሻጩ ይገባዋል።

እምቢ ቢሉዎት የሚያጡት አንድ ደቂቃ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ያጣሁት ከአባቴ ጋር ቁጭ ብዬ የምጫወትበትን የመጨረሻ ከሰዓት ነው።